ያለ ጥፋቱ የተወነጀለው ካምቢዮ

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጉራራ ባሉት ጋራዦች ይግባኝ የማይባልበት አንድ ፍርድ አለ፦ «አውቶማቲክ ለዳገት አይሆንም፤ አይበረክትም።» ደላላው ይናገረዋል፣ መካኒኩ ያጸድቀዋል፣ ገዢውም ገና ከቤቱ ሳይወጣ አምኖበት ይመጣል። ሁለት አንድ ዓይነት ፕራዶ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ማኑዋል፣ ሌላው አውቶማቲክ ከሆነ፣ «ካምቢዮው ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚባለው ለአውቶማቲኩ ብቻ ነው። ስለ ማኑዋሉ የሚጠይቅ የለም። እሱ አይሞትም ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል።

ይህ ፍርድ ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የትልልቅ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚሞተው በአውቶማቲክነቱ አይደለም፤ ዳገቱም አልገደለውም። የገደለው ሙቀትና ያረጀ ዘይት ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ መቆጣጠር የምንችለው እኛው ነን። የእንጦጦ ጥፋት ቢኖር የእኛን ቸልተኝነት ከሜዳው ሰፈር ቀድሞ ማጋለጡ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ፤ ምክንያቱም የማኑዋሉ ወገኖች ሒሳብ ላይ ያጭበረብራሉ። ከላምበረት ተነሥቶ በኮተቤ ወደ ካራ የሚወጣ የጫነ ኤፍኤስአር መጨናነቅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መንገዱን የለመደ ሁሉ ያውቃል። ሾፌሩ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሸሽበት ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ነዳጅ እየሰጠ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ከኋላ ያለነው መስኮት እንዘጋለን። የሚሸተው የፍሪሲዮኑ ዲስክ ነው፤ እየተበላ ነው። ወደ ፈረንሳይ አቦ የሚወጣው ሚኒባስም ያው ነው። ዲስኩ ሲያልቅ ከነኩሽኔታው ይቀየራል፤ እንደገና ያልቃል፣ እንደገና ይቀየራል። ካምቢዮው ግን «ምንም አልሆነም»። ፍሪሲዮን እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው ተብሎ ወጪው በሌላ መዝገብ ይጻፋላ!

አውቶማቲኩ ይህ ዕድል የለውም። ያንኑ የመንሸራተትና የመያዝ ሥራ የሚሠሩት ዲስኮች ያሉት እዚያው ካምቢዮው ሆድ ውስጥ ነው። ከእነሱ አንዱ ሲያልቅ «ካምቢዮው ሞተ» ተብሎ ለቅሶ ይጠራል። ማኑዋል ላንድክሩዘር በ15 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፍሪሲዮን ቢቀይር «ብረት ነው» ይባላል። አውቶማቲኩ በዚያው 15 ዓመት አንድ ጊዜ ቢከፈት «አልነገርንህም?» ይባላል። የሦስቱን ጊዜ የዕቃና የእጅ ዋጋ፣ መኪናው ጋራዥ የቆመበትንም ቀን ደምሮ ከአንዱ ጋር ያነጻጸረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የማኑዋል ካምቢዮ ጥርሶችና ዘንጎች ረጅም ዕድሜ እንዳላቸው አልክድም። ግን የአውቶማቲኩም ጥርሶች እንደዚያው ናቸው። ቶሎ የሚያልቁት በሁለቱም ዘንድ የሚፋተጉት ክፍሎች ናቸው። ልዩነቱ የአንዱ ከውጭ፣ የሌላው ከውስጥ መቀመጡ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። በአውቶማቲክ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት ዘይት በሞላበት ቶርክ ኮንቨርተር ነው። በሞተሩ በኩል ያለው ክንፍ ዘይቱን ይወረውራል፣ በካምቢዮው በኩል ያለው ክንፍ ተቀብሎ ይዞራል። ሁለቱ እኩል ፍጥነት ካልዞሩ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጥታ መንገድ ላይ፣ ፍጥነት ሲይዝ፣ ውስጡ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያይዛቸዋል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። በዝግታ በሚወጣ ዳገት ላይ ግን መቆለፊያው ይከፈታል፤ ዘይቱ ይፋተጋል፣ ይሞቃል። ይኸው ዘይት ኃይል ያስተላልፋል፣ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ማርሽ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ግፊትም ይሰጣል። ስለዚህ ዘይቱ ሲበላሽ የሚበላሸው አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

በሙያው ውስጥ የቆየ የግምት ስሌት አለ፦ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ከ80 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ80 ዲግሪ 160,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት በ90 ዲግሪ 80,000፣ በ100 ዲግሪ 40,000፣ በ110 ዲግሪ 20,000 ብቻ ያገለግላል። ግምት ነው፤ ዘይት ከዘይት ይለያያል። ነገር ግን «ካምቢዮው ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ለምን መልስ እንደሌለው ያሳያል። ትክክለኛው ጥያቄ «በስንት ዲግሪ?» ነው።

እዚህ ላይ እንጦጦ ይመጣል። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ ሾፌሩ ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፤ ካምቢዮው ማርሽ ይቀንሳል፣ ኮንቨርተሩም ይፋተጋል። በራዲያተሩ መካከል የሚያልፈው የሳሳ አየር ደግሞ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ይኸው ራዲያተር ውስጥ ባለች ትንሽ ቱቦ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ካምቢዮውም አብሮት ይሞቃል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ልማድ አለ፦ በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ መሙላት። ተራ ውሃ በእንጦጦ ከፍታ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ አርጅቶ ግፊት ካልያዘ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ከዚህ የከፋው ዝገቱ ነው። ውሃው ራዲያተሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ የዘይቱ ቱቦ ይሸነቆራል፣ ውሃና የካምቢዮ ዘይት ይቀላቀላሉ። ውሃ የገባበት ዘይት ቀይነቱ ጠፍቶ ወደ ሐምራዊ ነጭ አረፋ ይለወጣል፤ የዲስኮቹን ልባስ የያዘውን ማጣበቂያ ይፈታል። አንድ ጀሪካን ኩላንት ያልገዛ ባለመኪና አንድ ሙሉ ካምቢዮ ይገዛል። ከዚያም «አውቶማቲክ አይበረክትም» ይላል።

ስለ መውጣቱ ይህን ካልን መውረዱም አለ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ተሳፋሪ ይዞ 3 ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ በፍሬን ወይም በሞተር መዋጥ ያለበት ጉልበት ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማኑዋል የለመደ ሾፌር ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይይዛል። ያው ሰው አውቶማቲክ ሲነዳ ግን ዲ ላይ ትቶት ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል፤ ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ ፎሌ የሚያደርገውም አለ። ነዳጅ አይቆጥብም፤ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ከዲ በታች ያሉት ቁጥሮችና ኤል የተሠሩት ለዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው በማኑዋል መኪና ሠልጥነን ስለሆነ ያቺን ዘንግ ከፒ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ፒ ከማመላለስ አልፈን አናውቃትም።

ሌሎች መጥፎ ልማዶችም አሉ። ዳገት ላይ በተሽከርካሪ ሰልፍ መካከል ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ እየሰጡ መቆም። መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ ከአር ወደ ዲ መምታት። በጉራራ የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይስቡ በፒ ብቻ ማቆም፤ 3 ቶኑን ሁሉ የምትሸከመው ካምቢዮው ውስጥ ያለች ጣት የምታህል ብረት እንደሆነች ሳያውቁ። ከየካ ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚያወጣው ኮረኮንች ላይ ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ እያለ በተራ ዲ እያጓሩ መውጣት። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በሰንበት ወደዚያ የሚወጡትን ትልልቅ መኪኖች ለተመለከተ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ማየት ይቻላል።

ኮተቤ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ የወረደ የፕራዶ ካምቢዮ ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ወጣቱ መካኒክ መጀመሪያ ኮፓውን አወረደ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። ከኮፓው ግርጌ ያሉት ማግኔቶች ግራጫ የብረት ዱቄት ጠግበው ቅርጻቸው ጠፍቷል። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ወረቀት መሰሉ ልባሳቸው ተልጦ ብረቱ ገጥጧል፤ በመካከላቸው የሚገቡት ዝርግ ብረቶች ላይ ሙቀት ያመጣው ሰማያዊ ጠቃጠቆ አለ። ከዚያ ጥርሶቹን በቤንዚን አጥቦ መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው፤ አንድ ጭረት የለባቸውም። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ አጠገባችን ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። የሸጠልኝ ሰውዬ አይነካም ብሎኛል።»

«አይነካም ማለት?»

«የዕድሜ ልክ ነው አለኛ!»

ወጣቱ ሳቅ አለና «ይኸው፣ ዕድሜው አለቀ» አላቸው።

«የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚባለው ነገር በዚህ ክርክር ውስጥ ካለው ሁሉ ጎጂው ነው። የማን ዕድሜ? አዲስ መኪና የሚገዛ የጀርመን ወይም የጃፓን ሰው ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ ዘይቱን ባይነካ ላይጎዳ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ይሸጠዋል። የእኛ ገበያ የሚጀምረው የእሱ ካበቃበት ላይ ነው። መኪናው በዱባይ በኩል ሲመጣ «የዕድሜ ልኩ» ዘይት ዕድሜውን ጨርሷል። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ደግሞ ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አምራቾቹ ራሳቸው እንኳ በዚህ አይስማሙም። ለቢኤምደብሊው ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ዘይቱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ቶዮታም በአሜሪካ ባወጣው የጥገና መመሪያ ለሚጎትቱና ከባድ ጭነት ለሚሸከሙ መኪኖች በ60,000 ማይል፣ ማለትም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር ያዝዛል። ሰባት ሰው ጭኖ ጠዋትና ማታ ፈረንሳይን የሚወጣና የሚወርድ መኪና «ከባድ አጠቃቀም» ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ የሚመዙት ሰይፍ አለ፦ «ካምቢዮው ደህና ነበር፤ ዘይቱ ሲቀየር ነው የሞተው።» ይህን የሚሉት ሰዎች አይዋሹም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። እኛ ዘንድ የካምቢዮ ዘይት የሚታወሰው መኪናው መንሸራተት፣ ማርሽ ሲቀይር መምታት፣ ጠዋት ሲነሣ መዘግየት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ዲስኩ አልቋል። አዲሱ ዘይት ያለቀ ልባስ አይመልስም፤ ስለዚህ ሞቱ ለዘይት ቅየራው ይሰጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አበው ያሉት ለዚህ ነበር።

አቀያየሩም ራሱ ይገድላል። «የአውቶማቲክ ዘይት» ተብሎ የሚሸጥ ቀይ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። ለአንዱ ካምቢዮ የተሠራው የሌላውን ዲስክ ያንሸራትታል። የዘይቱ መጠን የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ መለኪያ ዘንግ እንኳ የለም፤ መኪናው ተስተካክሎ ተነሥቶ ከሥር በሚከፈት ቡሎን ነው የሚታየው። በቀዝቃዛ ካምቢዮ፣ በተዘነበለ ሜዳ ላይ፣ በግምት የተሞላ ዘይት ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል፤ ሁለቱም ጉዳት ነው። ፊልትሮው ሳይቀየር፣ ኮፓው ሳይወርድ፣ ማግኔቱ ሳይጠረግ «ዘይት ቀይሬያለሁ» የሚባለውን ቅየራ አልቆጥረውም።

ከዚያ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አለ። ካምቢዮው ከሞተ ያገለገለ ተገዝቶ ይገባል፤ ርካሹ መንገድ እሱ ነው፣ አልነቅፍም። ግን የሞተው ካምቢዮ የረጨው የብረት ዱቄትና የተላጠ ልባስ በራዲያተሩ ቱቦና በማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ሳይታጠብ የገባው «አዲስ» ካምቢዮ የመጀመሪያውን በሽታ በመጀመሪያው ቀን ይጠጣል። ብዙም ሳይቆይ እሱም ይወርዳል። ባለቤቱ አሁን ሁለት ማስረጃ አለው። ሁለቱም ግን የአንድ ጥፋት ማስረጃ ናቸው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በአውቶማቲኩ ላይ የሌሎችም ኃጢአት ተጭኗል። እኛ ዘንድ ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ሁሉ «አውቶማቲክ» ነው። ኒሳን ለብዙ መኪኖቹ በቀበቶ የሚሠራውን ሲቪቲ አስገብቶ ቅሬታ ስለበዛበት እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የዋስትናውን ዘመን ለማራዘም ተገዷል። ፎርድ በፎከስና በፊየስታ ላይ የገጠመው ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ፍርድ ቤት አቁሞታል። እነዚህ እውነተኛ ድክመቶች ናቸው፤ ልከላከልላቸው አልፈልግም። ግን የፕራዶውና የቪኤይት ላንድክሩዘሩ ካምቢዮ ሲቪቲ አይደለም፣ ደረቅ ፍሪሲዮንም አይደለም። በፕላኔታሪ ጥርስና በዘይት ውስጥ በሚሠሩ ዲስኮች የሚሠራ፣ ሥረ መሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ጀምሮ የተፈተነ ሥራ ነው። የከተማ ሰው አንዲት ትንሽ ሲቪቲ ተበላሽታበት ባለ 3 ቶኑን ላንድክሩዘር ሲፈርድበት ፍርዱ ወንጀለኛውን ስቷል።

«ከባድ ሥራ አይችልም» ለሚለውስ? አገራችን ይህን ካምቢዮ የተዋወቀችው በቪኤይት አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከአሜሪካ የመጡት ኤም-41 ታንኮች እያንዳንዳቸው 23 ቶን ከግማሽ ገደማ ይመዝኑ ነበር። የ500 ፈረስ ጉልበት ሞተራቸውን ከሰንሰለቱ ጋር ያገናኘው አሊሰን የሠራው ባለ ቶርክ ኮንቨርተር ካምቢዮ ነው። በኦጋዴን ጦርነት እነዚህ ታንኮች በዚያ አሸዋና ሙቀት ውስጥ ተዋግተዋል። ታንክ 300,000 ኪሎ ሜትር አይሄድም ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ለዕድሜ ማስረጃ አላቀረብኩትም። ክብደት ጠላቱ እንዳልሆነ ግን ያሳያል። ሩቅ መሄድ የማይፈልግ ወደ ማንኛውም የድንጋይ ካባ ይውጣ። ማኑዋሉን ሲኖትራክ የሚጭነው ሎደር ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚመላለሰው በቶርክ ኮንቨርተርና በፕላኔታሪ ካምቢዮ ነው። በትልልቅ የማዕድን ሥራዎች 90 ቶን የሚሸከመው ካተርፒላር 777ም እንዲሁ። የሲኖው ሾፌር «አውቶማቲክ ጭነት አይችልም» የሚለው በአውቶማቲክ ተጭኖለት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ግን አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ተንድራ ፒክአፕ አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ማይል ሞላ፤ 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቶዮታ መኪናውን ለምርመራ ወስዶ ለባለቤቱ አዲስ ሰጠው። ሞተሩም አውቶማቲክ ካምቢዮውም መኪናው ከፋብሪካ ይዟቸው የወጣቸው ነበሩ። አብዛኛውን የሄደው በረጅም አውራ ጎዳና ነው፤ ይህም ለካምቢዮ ምቹ መንገድ ነው። ሰርቪሱም በየጊዜው ይደረግለት ነበር። ምስጢሩም ሌላ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ዘይትና ንጹሕ ዘይት።

በጭነት መኪና ዓለም ክርክሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ቮልቮ አይ-ሺፍት የሚባለውን ማርሹን በኮምፒውተር የሚቀይር ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣ። ዛሬ በአውሮፓ ለረጅም ርቀት የሚሸጥ አዲስ ከባድ መኪና ማኑዋል ሆኖ ማግኘት ብርቅ ነው። አሠራሩ ከላንድክሩዘሩ ይለያል፤ ቶርክ ኮንቨርተር ሳይሆን ደረቅ ፍሪሲዮን ነው ያለው። ግን ፍሪሲዮኑን የሚይዘውና የሚለቀው ኮምፒውተር ስለሆነ ካራ ዳገት ላይ በግማሽ ይዞ የሚቆምበት ጊዜ ያነሰ ነው። በወጪው ላይ የሚያስቡት የትራንስፖርት ኩባንያዎች የመረጡት ስለበረከተላቸው እንጂ ለሾፌር ምቾት ብቻ ብለው አይደለም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን ላከብረው እፈልጋለሁ። «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለመስክ ሥራ ማኑዋል ላንድክሩዘር የሚገዙት ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ልክ ነው፤ እነዚያ ነጫጭ ባለ ረጅም አንቴና መኪኖች በአብዛኛው ማኑዋል ናቸው። ግን የተመረጡት ደባርቅ ወይም ጎዴ ላይ ቢበላሹ ማንኛውም መካኒክ በመፍቻ ብቻ ስለሚያነሣቸው፣ ባትሪ ሲያልቅም ተገፍተው ስለሚነሡ ነው። ይህ በጥገና ቅርበት ላይ የተመሠረተ ምርጫ እንጂ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። እኔም ደባርቅ ብኖር ማኑዋል እገዛ ነበር። መገናኛ የሚኖር ሰው ግን መመርመሪያ ኮምፒውተር ያላቸው ጋራዦች በእግሩ መንገድ ላይ እያሉ የደባርቅን ምክንያት ተውሶ ሊከራከርበት አይችልም።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ችግር ያለው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈታበት ክፍል ንጹሕ መሆን አለበት። የማርሽ ግፊቱን የሚያከፋፍለው የቫልቭ ክፍል መስመሮቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ታቆመዋለች። ብዙ ቦታ ግን የሚፈታው ደጅ ላይ፣ አቧራ በሚነሣበት፣ በጨርቅ እየተጠረገ ነው። ጨርቁ የሚተወው ክር ራሱ ጠላት ነው። ይህን ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች አሉ፤ ያን ቀን ኮተቤ ያየሁት አንዱ ነው። የሚሠሩበት ቦታና መሣሪያ ግን ችሎታቸውን አይመጥንም። ባለጋራዡ በ«አይበረክትም» ተሸፍኖ ያልፋል፤ ካምቢዮው አይበረክትም ከተባለ ጥገናውን የሚጠይቅ የለማ።

ጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስቸኩላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አሳወቀ። ዛሬ በየካ መንገዶች ላይ ያሉትን ፕራዶዎችና ቪኤይቶች በቀላሉ የሚተካቸው የለም፤ ለዓመታት አብረውን ይኖራሉ። (አውቶማቲክን የሚሸሸው ሰው አሁን የሚገዛው ፍሪሲዮንም ማርሽም የሌለውን የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑ ሳያስገርመኝ አልቀረም።) ያለንን ካምቢዮ በእምነት ብቻ ወደ ሶማሌ ተራ መላክ የምንችልበት ዘመን አልፏል።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ «ማኑዋል ነው አውቶማቲክ?» ከማለታችሁ በፊት «የካምቢዮ ዘይቱ መቼ ተቀየረ? በየትኛው ዘይት? ፊልትሮውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና ውስጡ ያለው ኩላንት ይሁን ውሃ እዩ። ሻጩ «አይነካም፣ የዕድሜ ልክ ነው» ካላችሁ የአንድ ካምቢዮ ዋጋ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። መኪናው በእጃችሁ ያለ ከሆነና የዘይቱን ታሪክ ካላወቃችሁ ደግሞ መንሸራተት እስኪጀምር አትጠብቁ፤ በዚህ ወር አስቀይሩት።